ተክሌ ጸድቋል

መሥሪያ ቤታችን ለሠራተኞቹ ቁልቋል ያደለው በደህና ቀን፣ በደህና ልብ፣ በሙሉ ጤንነት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የሆነውን የሰማ ሁሉ «እናንተ ሰዎች ደህና ናችሁ?» እያለ ስለሚጠይቀኝ ነው። ደህና ነን፤ አልሐምዱሊላህ።

እኔ መብሩካ እባላለሁ። የምሠራው ጉርድ ሾላ፣ የማስተባበሪያዎች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። ሥራችን ግልጽ ነው። ከተማው ውስጥ የሚያስተባብሩ ቢሮዎች አሉ፤ እኛ እነሱን እናስተባብራለን። እነሱ ማንን እንደሚያስተባብሩ ግን ጠይቀናቸው አናውቅም። በሰው ሥራ መግባት ደግ አይደለም።

በየክረምቱ እንጦጦ ሥር ወጥተን ችግኝ እንተክላለን። መትከል ላይ ማንም አይደርስብንም። ጉድጓዱ የአምናው ስለሆነ ቁፋሮ አያደክመንም፤ የአምናውን ደረቅ እንጨት ነቅለን የዘንድሮውን እናስገባለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ቆሏችንን ቆርጥመን እንመለሳለን። ጣጣው የመጣው ከበላይ «ከተከላችሁት ስንቱ ጸደቀ?» የሚል ጥያቄ የመጣ ዕለት ነው። ኃላፊያችን አቶ ከበበ ይህን እንደ ስድብ ነው የቆጠሩት።

«ትከሉ ተባልን፣ ተከልን» አሉ ሰብስበውን። «ጽድቅ የእግዜር ሥራ ነው። እሱን ይጠይቁት።»

አማርኛችን ቆጣቢ ነው። ችግኝ ሥር ሲሰድ ጸደቀ እንላለን። ዕቅድ ሲፈረምበት ጸደቀ እንላለን። ሰው ገነት ሲገባም ያው ጸደቀ ነው የምንለው። ለሦስት ጉዳይ አንድ ቃል መድበን ዘመናችንን ሙሉ በሰላም ኖረናል፤ ቁጠባው ጉድ ያፈላው እኛ ቢሮ ሲደርስ ነው።

አቶ ከበበ አንድ የተክል ባለሙያ አስጠሩ። ባለሙያው ቀጭን፣ ጨዋ ልጅ ነው። «ካክተስ ውሰዱ» አለን። «እንክብካቤ አይፈልግም። ውሃ በወር አንዴ ጠብ ካደረጋችሁለት በቂው ነው። እንዲያውም የሚሞተው ሲነካካ ነው። ተዉት። እርሱት።»

የአቶ ከበበ ዓይን እንባ አቀረረ። «ለኛ ተቋም የተፈጠረ ተክል ነው» አሉ።

እያንዳንዱ ሠራተኛ አንዳንድ ካክተስ ወደ ቤቱ ወስዶ እንዲያጸድቅ ተወሰነ። ቁልቋል ማለት ግን ተከለከለ። ቁልቋል የካ ዳገት ላይ በየሰው አጥር በነፃ የሚበቅል ነገር ነው፤ በነፃ የሚገኝ ነገር ደግሞ በግዥ መመሪያ ውስጥ ቦታ የለውም። ካክተስ ግን ይገዛል። እንግዲህ ስሙን ቀይረን፣ በትናንሽ የሸክላ ማሰሮ ተከፋፍለን፣ በታክሲ እሾሁን ጎረቤታችን ላይ እየተከልን ወደየቤታችን ገባን።

ተክሌን የማስተዋውቃችሁ አሁን ነው። ከኔ ፊት ለፊት ያለው ጠረጴዛ የሱ ነው። ጊዜያዊ ሠራተኛ ነው፤ ጊዜያዊነቱ ግን ረጅም ነው፣ ከሱ በኋላ የተቀጠሩ ቋሚዎች ጡረታ ወጥተዋል። የቢሮውን ሥራ ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው። የቸርቹ መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው እሱ ነው። ዋሽቶ አያውቅም፤ ለዚህም ይመስለኛል ቋሚ ሳይሆን የቀረው። ሣራ የምትባል እጮኛ አለችው፣ ዓይኗ የማያርፍ፣ ምላሷም እንደዚያው። የሚያገናኛቸው ፍቅር ነው፤ የሚያለያያቸው ደግሞ አባቷ ጋሽ በዳዳ ናቸው። ጋሽ በዳዳ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ቋሚ ሆነው ሠርተው የወጡ ሰው ናቸው። ቃላቸው አንድ ነው፦ «ልጄን ለጊዜያዊ አልሰጥም።»

አቶ ከበበ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ካክተሱ በታደለ ዕለት ተነሥተው «በዘመቻው መዝጊያ ስብሰባ ላይ ተክሉ የጸደቀለት ጊዜያዊ ሠራተኛ፣ የሱም ቋሚነት አብሮ ይጸድቅለታል» ብለው አወጁ። ቢሮው ውስጥ ያለው ጊዜያዊ ሠራተኛ አንድ ተክሌ ነው። ያን ቀን ካክተሱን በጃኬቱ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ ደረቱ ላይ አድርጎ ወጣ።

ተክሌ ባለሙያው እንዳለው ተወው። ግን መተው በኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ በቀላሉ የሚተው ነገር አይደለም። አቶ ከበበ «ምንም አለማድረግ በዕቅድ ካልተመራ ወደ ሥርዓት አልበኝነት ይለወጣል» አሉና የአለመንከባከብ ክትትል ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው ከከተማ ወጣ ብሎ በአለመንከባከብ ጽንሰ ሐሳብ ላይ ሥልጠና ወሰደ። አሠልጣኙ አልመጣም። ይህም የሥልጠናው አካል መሆኑ ተነገረን።

ከሥልጠናው መልስ ኮሚቴው የተክሌን ካክተስ ሞዴል ብሎ መረጠና ጉብኝት ጀመረ። ተክሌ የሚኖረው የካ ዳገቱ ላይ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ጋ፣ የወይዘሮ አስረሳሽ ግቢ ውስጥ ተከራይቶ ነው። ወይዘሮ አስረሳሽ ሁለት ነገር የማይሆንላቸው ሴት ናቸው፤ ውሸትና የውሃ መጥፋት። ከውሸቱ ተክሌ ገላግሏቸዋል። ውሃው ግን ቧንቧቸው ውስጥ ከመጣ ቆይቷል፤ ቧንቧው አሁን የሚያገለግለው ለልብስ መስቀያ ነው።

በመጀመሪያው ጉብኝት እኔም ነበርኩ። አቶ ከበበ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የታሸገ ውሃ ከመኪናቸው አስወርደው፣ በማጠጫ ገልብጠው ካክተሱ አጠገብ ቆሙ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለ ተክሌ። «ባለሙያው አታጠጡት ብሎናል።»

«እያጠጣን አይደለም። ፎቶ እየተነሳን ነው።»

«ውሃው ግን እየገባ ነው።»

«ባዶ ማጠጫ ይዤ ብነሳ ሐሰት ነው የሚሆነው» አሉት አቶ ከበበ፣ በእውነት አዝነውበት። «አንተ የጌታ ሰው አይደለህም እንዴ?»

ፎቶው መጀመሪያ ብርሃን አነሰው፣ ቀጥሎ የአቶ ከበበ ዓይን ተጨፈነ፣ ቀጥሎ የኮሚቴው አባላት በሙሉ በየተራ እንነሳ አሉ። ሁሉም አጠጣ። ውሃው ከማሰሮው ሥር እየወረደ ሲፈስ ወይዘሮ አስረሳሽ ገንዳ አመጡና ሥሩ አስቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ጉብኝቱ በዛ። ያልተንከባከብነው ካክተስ ዝናው ወጣና ከሌሎች ቢሮዎች ለልምድ ልውውጥ ይመጡ ጀመር። የመጣው ሁሉ ውሃውን ይዞ ነው የሚመጣው። ሰፈሩም ነቃ፤ እንግዳ ይመጣል በተባለ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ከማሰሮው ሥር የሚወርደውን ሊቀዳ ጀሪካኑን ይዞ ከካክተሱ ኋላ ይሰለፋል። አንዷ ሴትዮ ተራ ሊሰብሩ ሲሉ ወይዘሮ አስረሳሽ ቆጣ ብለው «እረፉ፣ ማሰሮዋን እንዳትገፉብኝ፤ የሰፈሩ ቦኖ እሷ ናት» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ካክተሱ መጀመሪያ ወፈረ። አቶ ከበበ «ዕድገት አሳይቷል» አሉ። ቀጥሎ ቢጫ ሆነ፤ «በስሏል» አሉ። ከዚያ ጋደም አለ። «እረፍት ላይ ነው» አሉና ደግመው አጠጡት።

ዐርብ ዕለት ተክሌ ደወለልኝ። ድምፁ ወፍራም መሆኑ ቀርቶ ነበር።

«መብሩዬ፣ ሞተ። ብነካው እጄ ላይ ፈሰሰ።»

የመዝጊያው ስብሰባ ሰኞ ነው። ምን ላድርግ፣ የማውቀውን መከርኩት። እኔ ቤት የገባችው ካክተስ የልጆቼ ኳስ ግብ ጠባቂ ሆና በሳምንቷ ነው የተሰናበተችው። የምሥጋናን፣ የሰው ኃይሏን ማለቴ ነው፣ ድመቷ ጣለችባት። የአቶ ከበበን የቤት ሠራተኛቸው የደረቀ ጎመን መስሏት ደፋችው ይባላል። ሁላችንም መገናኛ ያሲር ሱቅ ሄደን በፕላስቲክ ተክተነዋል። እኔ ስገዛ ያሲርን «ይሄ ይበረክታል?» ብዬው ነበር፤ «እህቴ፣ ካንቺም ከኔም በኋላ ይኖራል፤ አቧራውን ብቻ ጥረጊለት» ነው ያለኝ። እንክብካቤ የማይፈልግ ተክል ብሎ ዝም ማለት ይኼኔ ነው።

ተክሌ ግን አይሆንም አለ። «ፕላስቲክ ይዤ ቆሜ ጸድቋል ልበል? ጽድቅ የሚባለውን ቃል እኮ እሑድ እሑድ ለሌላ ነገር ነው የምጠቀምበት።»

«እንግዲያው ከሣራ አባት አጥር አንዱን ቆርጠህ ትከል። እሱ ሕይወት አለው፣ ቁልቋልም ነው።»

እሑድ ከቸርች እስኪወጣ ጠብቄ አብሬው የካ ወጣሁ፤ ብቻውን ቢሄድ በሩን እንኳ እንደማያንኳኳ አውቃለሁ። የጋሽ በዳዳ ግቢ ዙሪያውን በቁልቋል የታጠረ ነው፤ ቁልቋሉ የቤቱን ጣሪያ አልፏል። እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ወንበር ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሣራ ከበሩ ተደግፋ ቆማለች። ተክሌ ጉዳዩን አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ጋሽ በዳዳ አዳመጡ፣ አጥራቸውን አዩ፣ እሱን አዩ።

«እንግዲህ መንግሥት ቁልቋል በማሰሮ ገዝቶ ለሠራተኛ አደለ» አሉ። «አንተ ገደልከው። አሁን የኔን አጥር አፍርሰህ ቋሚ ልትሆን ነው።»

«አንድ ቁራጭ ብቻ ነው ጋሼ።»

«ይህ አጥር ልጅ፣ ከተተከለ ጀምሮ ከቦታው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ቋሚ ማለት እሱ ነው። ቋሚውን በጊዜያዊ አላስነካም።»

«አባዬ፣ ከስንቱ አጥር አንድ ቁራጭ እኮ ነው» አለች ሣራ።

«አንቺ ግቢ። ቋሚ ሆኖ ይምጣና አጥሩን በሙሉ ይውሰደው።»

«ቋሚ የሚሆነው አጥሩን ሲያገኝ ነው እኮ» አልኩ እኔ ጣልቃ ገብቼ።

«እሱ የመሥሪያ ቤታችሁ አሠራር ነው» አሉኝ። «በሰው አሠራር አልገባም።» የመዝገብ ቤት ሰው ናቸው አላልኳችሁም?

ስንወርድ ተክሌ መንገድ ላይ ቆመና «እሷን ካጣሁ እንጃ» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ወላሂ ያን ጊዜ ቁልቋሉን በጥርሴም ቢሆን ቆርጬ ባመጣሁለት።

ሰኞ ስብሰባው ተጀመረ። ሁላችንም ፕላስቲካችንን ጭናችን ላይ አስቀምጠን ተደረደርን፤ ተክሌ ባዶ ማሰሮውን ታቅፏል። አቶ ከበበ መመሪያ ሰጡ። ካክተስ የሚለውን ቃል አንዱ ካክቶስ፣ አንዱ ካልተስ እያለ ስለሚያበላሸው፣ የበላይ እንግዳ ፊት እንዳንዋረድ ሁሉም ሠራተኛ ተራው ሲደርስ ተነሥቶ ሁለት ቃል ብቻ እንዲናገር ታዘዘ። «ተክሌ ጸድቋል። ሌላ ወሬ አልፈልግም» አሉ።

ክቡር እንግዳው መገናኛ ላይ መንገድ ተዘጋግቶባቸው የመክፈቻ ንግግሩ ካለቀ በኋላ ደረሱ። ስለምን እንደሚወራ ሳይጠይቁ መድረኩ ላይ ተቀመጡ። ትልቅ ሰው አጀንዳ አይጠይቅም። ስልካቸውን አውጥተው መነካካት ጀመሩ፤ እኛም በተራ ተነሣን።

«ተክሌ ጸድቋል» አለች ምሥጋና። ተጨበጨበ።

«ተክሌ ጸድቋል» አለ ሾፌሩ።

«ተክሌ ጸድቋል» አልኩ እኔ፣ ፕላስቲኬን ከፍ አድርጌ።

ሰዉ እየተነሣ ተክሌ ጸድቋል፣ ተክሌ ጸድቋል ሲል እንግዳው ቀስ በቀስ ከስልካቸው ቀና አሉ። እኔ ፊት ለፊት ስለተቀመጥኩ ለአቶ ከበበ በጆሯቸው ያሏቸውን ሁሉ ሰማሁ።

«ይሄ ተክሌ የሚሉት ማነው?»

አቶ ከበበ ደነገጡ። የበላይ አካል አይታረምም፤ ይህን ከእናታቸው ማሕፀን ጀምረው ያውቁታል። «ሠራተኛችን ነው ክቡርነትዎ» አሉ። አልዋሹም።

«ሁሉም አጽድቆታል እኮ። እንዲህ ያለ የሙሉ ድምፅ ድጋፍ አይቼ አላውቅም። ጥያቄው ምን ነበር?»

«ቋሚነት ነው ክቡርነትዎ።»

«እሺ፣ ይቀጥል።»

የመጨረሻው ተራ የተክሌ ነበር። ተነሣ። እኔ ወደ ፈጣሪዬ ዞሬ አንድ ጊዜ፣ ለዛሬ ብቻ ይዋሽ ብዬ ለመንኩ። እሱ ባዶውን ማሰሮ እንደታቀፈ፣ በዚያ ወፍራም ድምፁ፣

«ተክሌ ሞቷል» አለ።

እንግዳው መነጽራቸውን አወለቁ።

«መቼ?»

«ዐርብ ዕለት ነው ያወቅሁት፣ ክቡርነትዎ።»

«ምን ሆኖ?»

«ጠጥቶ ነው» አለ ተክሌ። «አብዝተው አጠጡት። እኔም ከልካይ አልሆንኩም።»

«ይሄ መጠጥ ስንቱን ወጣት በላብን» አሉ እንግዳው ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ማን ነው ያጠጣው?»

«መጀመሪያ አቶ ከበበ ናቸው። ከዚያ ኮሚቴው በየተራ። በኋላማ ከሌላ ቢሮም እየመጡ አጠጡት።»

አቶ ከበበ ጠረጴዛ ሥር የወደቀባቸው ነገር ያለ ይመስል ጎንበስ አሉ። እንግዳው ለረጅም ጊዜ አዩአቸው።

«የት ተቀበረ?»

«ወይዘሮ አስረሳሽ ጓሮ» አለ ተክሌ። ሲመልስ ግራ ገብቶታል፤ ግን ተጠይቋል፣ ይመልሳል። «ጸልዬለታለሁ።»

እንግዳው ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ ሁላችንም ተነሣን፤ እሳቸው አንገታቸውን ሲደፉ እኛም ደፋን። የኅሊና ጸሎት ተደረገ። ተክሌም አንገቱን ደፍቶ ስለራሱ ጸለየ። ሳቄን ለመያዝ የፕላስቲክ ካክተሴን እሾህ መዳፌ ውስጥ አስገብቼ ጨበጥኩት፤ ፕላስቲክ አይወጋም፣ ትርፉ ልፋት ሆነ።

«በሕይወት እያለ ያልተሰጠውን ሲሞት ብንሰጠው ምን ይጎዳናል?» አሉ እንግዳው። «ባልደረቦቹ በሙሉ አጽድቀውታል። ወንድማችን ተክሌ ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ ነው። ነፍስ ይማር።» ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ቃለ ጉባኤው ተፈረመ፤ እንግዳውም ሌላ ስብሰባ አለብኝ ብለው ወጡ።

ተክሌ አቶ ከበበ ጋ ሮጦ ሄደ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አልሞትኩም።»

«አውቃለሁ። ክቡር እንግዳው ግን ሞቷል ብለዋል። ከሳቸው በላይ ታውቃለህ?»

«ስለ ራሴ?»

«በተለይ ስለ ራስህ። ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ገለልተኛ መሆን አይችልም» አሉትና ለቅሶ መድረሻ መኪና እንዲዘጋጅ አዘዙ።

በዚያው ቀን በመሥሪያ ቤቱ መኪና ተጭነን የካ ወጣን። ተክሌም አብሮን ተሳፈረ፤ የለቅሶ መዋጮ ከፍሏል፣ ለምን ይቅርበት። ወይዘሮ አስረሳሽ ጥቁር የለበሰ ሰው ግቢያቸውን ሲሞላው አይተው ደነገጡ።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

«ተክሌ» አልናቸው።

«ተክሌማ ይኸው ንፍሮ እየበላ አይደል እንዴ?»

«ይብላ» አሉ አቶ ከበበ በሐዘን። «ከዚህ በኋላ የት ያገኘዋል።»

ወይዘሮ አስረሳሽ ውሸት አይሆንላቸውም ብያለሁ። ጎናቸው የተቀመጠውን ተክሌን ቆንጠጥ አደረጉት፤ ጮኸ። «ይሄ አልሞተም» ብለው ለኮሚቴው ቢያሳዩም ጉዳዩ ከሥልጣናቸው በላይ ነበር። እንዲያውም ውሃ አላመጣችሁም ብለው ተቆጥተውን ነው የተለያየነው።

በማግስቱ ተክሌ ሰው ኃይል ቢሮ ገባ፤ እኔም ተከተልኩ። ምሥጋና ፋይሉን አገላብጣ አየችውና በትሕትና ቀና አለች። ጓደኛችን ናት፤ ግን ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ሌላ ሰው ናት።

«አቶ ተክሌ፣ እዚህ ላይ ሟች ነህ። ለማረም ባለጉዳዩ ራሱ በአካል መቅረብ አለበት።»

«ይኸው ቀርቤያለሁ።»

«ሟች በአካል አይቀርብም።»

«እንግዲያው አልሞትኩማ።»

«እሱም ይቻላል» አለች። «ሕያው ነኝ ካልክ አርመዋለሁ። ግን ቋሚነቱ የጸደቀው ለሟቹ ተክሌ ነው። ሕያው ከሆንክ ወደ ጊዜያዊነትህ ትመለሳለህ። የቱን ልጻፍልህ?»

ተክሌ ሳይመልስ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ እውነት ሲናገር የኖረ ሰው፣ «አለሁ» የምትል አንዲት ቃል አፉ ላይ ቀርታ አየሁት። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ቆየና «ምሽት የካ እንውጣ» አለኝ።

ጋሽ በዳዳ እዚያው ወንበራቸው ላይ ናቸው። ሣራ ወጣች። ተክሌ ከሳቸው ፊት ቆመ።

«ጋሼ፣ ቋሚ ሆኛለሁ።»

ጋሽ በዳዳ ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። «ተፈርሟል?»

«ተፈርሟል፣ ማኅተምም አለው። ግን ልነግርዎት የሚገባ ነገር አለ። ሞቻለሁ።» ታሪኩን ከሥሩ አወራላቸው። አንድም አላስቀረም፤ ያ ሰው መቼም አይለወጥም።

ጋሽ በዳዳ አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። «ሞትህ ቋሚነትህን ይነካዋል?»

«አይነካም። እንዲያውም የጸናው በሱ ነው።»

«ደመወዝስ?»

«ለባለቤቱ ይከፈላል ነው የሚሉት» አልኩ እኔ። «ምሥጋናን ጠይቄያታለሁ። ባለቤት ብቻ ያስፈልገዋል።»

«እንግዲያው ምን ጎደለ» አሉ ጋሽ በዳዳ። ልጃቸውን አዩ። «አንቺስ? ሰውዬው ሞቷል ይላል።»

ሣራ ተክሌን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። አባቷ በማይሰሙት ድምፅ ወደኔ ጠጋ ብላ፣ «እናቴስ ያገባችው ቋሚ ሠራተኛ አይደል?» አለችኝ። «ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራለች። አንድ ቀን ከዚያ ወንበር ሲነሣ አላየችውም፤ ለምዳዋለች።» ከዚያ ጮክ ብላ «እሺ ብያለሁ» አለች። ተክሌ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ደስ አለው፣ እኔም ደስ አለኝ፤ ለሟች እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሠርጉ ደመቀ። ቸርች ውስጥ ፓስተሩ «ሞት እስኪለያችሁ ድረስ» ሲሉ የኛ ቢሮ ሰዎች የተቀመጥንበት ወንበር በሙሉ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ምሥጋና በጆሮዬ «በፋይሉ መሠረት እሱ አልፏል እኮ» አለችኝ። ተክሌ ግን ሳያመነታ፣ በወፍራም ድምፁ፣ አዎን አለ።

ድግሱ የጋሽ በዳዳ ግቢ፣ ቁልቋሉ ሥር ነበር። አቶ ከበበ ማይክ ያዙ።

«ወንድማችን ተክሌ ከሞተ ጀምሮ አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም» አሉ። «ሪፖርቱን በሰዓቱ ያስገባል። በሥራ አፈጻጸም አንደኛ ወጥቷል። ከእናንተ በሕይወት ካላችሁት ውስጥ ይህን ያደረገ አለ?» ያለ አልነበረም።

ከመሥሪያ ቤቱ ለሙሽሮቹ የተሰጠው ስጦታ የሰው ቁመት ያለው ካክተስ ነው፤ ያሲር ራሱ ከመገናኛ በሚኒባስ ጣሪያ ጭኖ አመጣው። ከጋሽ በዳዳ አጥር ጎን አቆመውና ለሙስሊሞቹ ለብቻ በተዘጋጀው ማዕድ እኔ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ። ጎረቤቶቹ ካክተስ ሲያዩ ጀሪካን ይዘው መጠጋት ጀምረዋል።

«መብሩካ፣ ሙሽራው ለምን ከኔ አልገዛም?» አለኝ እየጎረሰ። «ከናንተ ቢሮ ያልገዛኝ ሰው የለም፤ አለቃችሁም ሁለቴ መጥተዋል። ሕይወት ያለው ነገር ይዞ የከረመው እሱ ብቻ ነው ማለት ነው?»

«ታዲያ የሞተውስ እሱ ብቻ አይደል?» አልኩትና ክትፎውን ወደሱ ገፋ አደረግሁለት።